የእርጎ ኩባያዎቹ

ሳህሉ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ በረንዳው ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። እንጆሪ የተተከለባቸው ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች ከብረቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው አፈር የተሞሉ ስድስት የእርጎ ኩባያዎች ተደርድረዋል። ከሣጥኖቹ የወረዱት ቀጫጭን ሐረጎች እያንዳንዳቸው አንድ ኩባያ ውስጥ ገብተዋል፤ ጫፋቸው ላይ ያለችው ችግኝ እንዳትነቃነቅ በታጠፈ ሽቦ ተይዛለች። አፈሩ ርጥብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሚሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ ተደወለ። ሻንጣ ሲጭን ልቡ ቆመ።

አሁን ከቀብር መልስ፣ በስደት አገር ግሪስሃይም ሰፈር ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሚስቱ ሰገን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ በር ወደ ውጭ ታያለች። የሐምሌ ፀሐይ በረንዳውን ይዞታል፤ የችግኞቹ ቅጠል ጠርዙ መጠቅለል ጀምሯል። አጠገቧ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ይዛ ተነሳች።

«ወዴት?» አለቻት አዳነች፣ የሳህሉ ታላቅ እህት።

«ላጠጣቸው ነው።»

«ባሏን የቀበረች ሴት ሣር ልታጠጣ ትነሳለች? ሰው ምን ይለናል? ቁጭ በይ!»

ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ሰገን ደንቡን ታውቀዋለች። ያንገበገባት፣ ደንብ የምታስከብረው እስከ ዛሬ ይህን ደፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት መሆኗ ነው። ሳህሉን እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው አዳነች ናት። ሰገንን ሊያገባ ሲል ግን «ጴንጤ አግብተህ እህቴ እንዳትለኝ» አለችው። ከምትኖርበት ከሆኽስት እዚህ ድረስ በባቡር ጥቂት ጣቢያ ነው፤ ለሠርጉም አልመጣችም።

«እትዬ፣ እኔ ላጠጣቸው» አለ የሳህሉ የሥራ ባልደረባ ያሬድ።

«አንተ ሻይህን ጠጣ።»

ያሬድ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ጎንበስ አለ። «አንድ ቀን ሳህሉን ሳልጠይቀው አንዲት ፍሬ ብቀጥፍ፣ የመንገደኛ ሻንጣ የሰረቅሁ ይመስል ኪሴን ፈተሸኝ።» ሰውየው ሳቁን በነጠላው ጫፍ አፈነው።

ለቀስተኛ እየበዛ ሄደ፤ ወንበር ማስቀመጫ ጠፋ። አዳነች መቀስ አንስታ ወደ በረንዳው ወጣች። እግር የሚጠልፉትን ሐረጎች አንድ በአንድ ቆረጠች፤ ኩባያዎቹን ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ወለሉን ጠረገች። ሰገን ስታይ የመጨረሻው ሐረግ እየተቆረጠ ነበር።

ሰኔ ላይ ሳህሉ ሽቦ እያጠፈ «ሥር እስክታበጅ ከእናቷ አትለይም» ብሏት ነበር። ችግኟን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ይስባት ነበር። ከተነቀለች ሥሯ ገና ነው።

«ስድስት ኩባያ ለማን ነው?» አለችው።

«ለአዳነች። ልጅ ሆኜ ከጎረቤት አጥር እንጆሪ እየሰረቀች ታበላኝ ነበር። ነሐሴ ላይ እወስድላታለሁ።»

«በር ትዘጋብሃለች።»

«ትዝጋ። ደጃፏ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ።»

ያኔ ሰገን ተናዳ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። ከቀብሩም በኋላ ለአዳነች ላለመንገር ወስናለች፤ ይህን ደስታ ልትሰጣት አልፈለገችም። አሁን ግን ተነስታ በረንዳው በር ላይ ቆመች።

«የማን እንደሆኑ ያውቃሉ?» አለች በአንቱታ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «የእርስዎ ነበሩ። ለእርስዎ ነበር የሚያሳድጋቸው።»

«ውሸታም!»

«ያሬድን ይጠይቁት።»

ያሬድ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ዘንድ በመኪና እንዳደርሰው ለምኖኝ ነበር፣ እትዬ። ነሐሴ ላይ።»

አዳነች መቀሱን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ከረጢቱን ፈታች፤ ኩባያዎቹን እያወጣች ወለሉ ላይ እንደነበሩት ደረደረቻቸው። ከዚያ ተንበርክካ የተቆረጠውን የሐረግ ጫፍ ከሣጥኑ ከተንጠለጠለው ጫፍ ጋር አገናኝታ በጣቶቿ ያዘችው።

«አይገጥምም» አለች ሰገን።

አዳነች አልለቀቀችም። ሰገን ከጎኗ ተቀመጠች፤ ቁጭ በይ ያላት አልነበረም። የመጀመሪያዋን ችግኝ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ሳበቻት። ተነቀለች። ሁለተኛዋም ተነቀለች። አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ በአፈር ጠቁሮ ነበር። እሷንም ነቀለቻት፤ የመጨረሻውን ኩባያ በእግሯ ወደ አዳነች ገፋችው።

«እርስዎ ይሳቧት።»

አዳነች ሐረጉን ለቀቀች። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ችግኟን ሳበቻት።

አልተነቀለችም።