ለማን ነው የምትነፋው?

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጥሪ በሌለበት ሰዓት ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ አወልቃለሁ፣ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ከፍቼ እዘጋለሁ። ሾፌራችን «ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። እሱን «ቀስ በቀስ» ነው የምንለው፤ ሲነዳ ያየው ሰው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ቀስ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም።

እሳት አደጋ እንባላለን እንጂ አብዛኛው ጥሪያችን ጭስ እንኳ የለውም። የወደቀ፣ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የያዘ ሰው ነው። አምቡላንሱ ከሩቅ ስለሚመጣ የጥሪ ማዕከሉ መጀመሪያ እኛን ይልካል። የጀመርነውን በሽተኛ ለአምቡላንስ ሳናስረክብ ንቅንቅ የለም። በዚያ መሐል ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ጥሪ ከመጣ የሁለተኛው ጣቢያ ልጆች ይሸፍኑልናል። እኛ «ኤሊዎቹ» ነው የምንላቸው።

ከጣቢያ ስንወጣ መጀመሪያ የምናልፈው በአባቴ መስኮት ሥር ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ስደውልለት ደግሞ ይነጫነጫል። አንድ ቀን «ምን ትነዘንዘኛለህ?» አለኝ። «ሳይረን ስሰማ መስኮቱ ጋ እመጣለሁ። እጄን ካየህ አለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ወዲህ እሱ እጁን ያነሳል፣ ሾፌራችን ቀስ በቀስ ሁለቴ ጡሩምባ ይነፋለታል። ነገሩ ልማድ ሆነ።

ያን ቀን ጠዋት ሊፍት ውስጥ ለተዘጋበት ሰው ወጥተን ተመልሰን ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥሪ መጣ፦ አንዲት እናት ቤቷ ውስጥ ወድቃለች፣ አትተነፍስም። ዘለን ወጣን። በአባቴ ቤት ስናልፍ ቀና ብዬ አየሁ። መጋረጃው ብቻ ነው ያለው። ቀስ በቀስ ግን ሁለቴ ነፋ።

«ለማን ነው የምትነፋው?» አልኩት።

«ለአባባ ነዋ!»

«የለም እኮ!»

«እንዴት የሉም? ጠዋት ነበሩ አይደል?»

«አይተኸዋል?»

«እኔማ የማየው መንገዱን ነው። አንተ አላየሃቸውም?»

ጠዋት አጎንብሼ ጫማዬን ሳስር ነበር። ጡሩምባውን ስሰማ እሱ አይቶታል ብዬ ተውኩት። እሱ ደግሞ እኔን ተማምኖ ነፋ። የመኪናውን በር እጀታ ያዝኩ።

«አለቃ፣ ልውረድ» አልኩ።

አለቃችን ከፊት ወንበር ዘወር ብለው አዩኝ። «ሦስት ነን። አንተ ከወረድክ የሴትዮዋን ደረት ማን ይጫናል?»

ተናደድኩባቸው። እሳቸው ግን ሬዲዮውን አነሱ። ማዕከሉ «ጠሪው ማነው?» ሲላቸው «እኔ ነኝ ጠሪው፤ ሁለተኛ ጣቢያን ላኩልኝ» አሉና የአባቴን አድራሻ ነገሩት። ኤሊዎቹን! በእነሱ ላይ የቀለድኩትን ቀልድ ሁሉ ያን ሰዓት መልሼ በዋጥኩት።

ሴትዮዋ ሳሎኗ ወለል ላይ ተዘርራለች። ደረቷን መጫን ጀመርኩ። አለቃ የልብ ማስነሻውን ለጠፉ፣ ሾፌራችን አየር ይሰጣታል። ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ «በእናትህ አትተዋት፣ አትተዋት» ትለኛለች። ያኔ ነው ደረቴ ላይ ያለው ሬዲዮ የተናገረው፦ «ሁለተኛ ጣቢያ ደርሰናል። በሩ ተቆልፏል፣ መልስ የሚሰጥ የለም።»

የበሩ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

«ስበሩት!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ያበድኩ መስሏት ደነገጠች። የሬዲዮውን ቁልፍ የሚጫን እጅ ስላልነበረኝ ኤሊዎቹ አልሰሙኝም፤ «ስበሩት» ብለው ያስተላለፉልኝ አለቃ ናቸው። እኔ መጫኔን ቀጠልኩ። ያቺን የማላውቃትን ሴት ለአፍታ ጠላኋት። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩና ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ። ሬዲዮው ዝም አለ።

መሣሪያው መታት፣ እንደገና ተጫንኩ፣ እንደገና መታት። በመጨረሻ አለቃ ጣታቸውን አንገቷ ላይ አድርገው «ቁም፣ ተመልሳለች» አሉ። የአምቡላንሱ ሰዎች ገብተው ተረከቡን። ልጅቷ እጄን ልትስም ስትል ነጥቄያት ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

አባቴ ቤት ስንደርስ ኤሊዎቹ በተሰበረው በር በቃሬዛ እያወጡት ነበር። ዳሌው ተሰብሯል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ዓይኑ ይፈልገኛል። እመስኮቱ ሥር ነው ያገኙት። ሮጬ ቃሬዛውን ያዝኩ።

«አባዬ! ለምን አልጮህክም? ጎረቤት ይሰማህ ነበር እኮ!»

«ጮኼ ነበር እንጂ» አለኝ፤ ድምፁ ሰልሏል። «ጠዋት ሳይረናችሁን ሰምቼ ስጣደፍ ምንጣፉ ጠለፈኝ። ወለሉ ላይ እንዳለሁ እጄን አነሳሁልህ። ጡሩምባው ሲነፋልኝ፣ አየኝ ብዬ መጮሄን ተውኩ።»

ቀስ በቀስ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«አሁን ከሰዓትም ነፋችሁልኝ» አለ አባቴ፣ እጄን ፈልጎ እየያዘ። «ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩህ።»