ለሌታ የሚወጣ ዘፈን

«የፈረሰኛ ፈረሱ ይወጣል፤ የአዳኝ ጠመንጃው ይወጣል። የዘፋኝስ ምኑ ይውጣ?» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ ከንፍሮው ቆንጠር እያደረጉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ደብሪቱ ዞረ። ደብሪቱ ባሏን ሌታ ባይሳን ትናንት ነው የቀበረችው። ኦቦ ፈይሳ የሟቹ አጎት ናቸው፤ ከደንዲ ድረስ መጥተው ነው። በእሳቸው አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ተጭኖ ለቅሶው መሃል ይዞራል፣ ሰውም ባዶውን ኮርቻ እያየ ያለቅሳል። እንግዲህ ሽማግሌው የጠየቁት ከክፋት አይደለም፤ የወንድማቸው ልጅ ባዶ እጁን እንዳይሸኝ ብለው ነው።

«ዘፈኑ ነዋ፣ ሌላ ምን አለው?» አለ አንድ ጎረቤት። «‹በሩን አትዝጊብኝ› ትውጣለት። እሷን ያልዘፈነ የአምቦ ሰው ማን አለ?»

«እሷስ ዘፈን ናት» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «እኔ እንኳ አማርኛው እየተሰባበረብኝ እዘፍናታለሁ።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ገና በማግስቱ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም። ሌታ ከመሞቱ አምስት ቀን በፊት፣ ጉበቱ አልቆ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ በሆነበት ሰዓት፣ እጇን ይዞ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያቺን ዘፈን እላዬ ላይ እንዳታዘፍኚብኝ። ቀብር ላይም፣ ሰልስት ላይም። የግድ መዘፈን ካለበት የደንዲዋን ተሬፋ ይዝፈናት። በገብርኤል ማይልኝ።»

«ገብርኤልን» አለችው። ሌላ ምን ትበል? የሚሞት ሰው ለምኖ እምቢ አይባልም።

ነገሩ የሚጀምረው በሰባ ስድስት ነው። ሌታ ያኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ለከተማው ኪነት ቡድን ግጥምና ዜማ ይሠራል። የመጀመሪያው ዙር የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎች በሚሸኙበት ዕለት ጠዋት አንድ ካድሬ መምህራን ክፍል ድረስ መጣና «ጓድ ሌታ፣ ለስምንት ሰዓት አንድ የሽኝት ዘፈን» አለው። እንደ ጫማ ጥገና ነው ያዘዘው። ሌታ ሲያርመው የነበረውን የፈተና ወረቀት ገለበጠና ጀርባው ላይ ጻፈ። ከእረፍት ደወል እስከ ምሳ ደወል ባለው ጊዜ አለቀ።

ጤፉ ሳይታጨድ እመለሳለሁ፣
በሩን አትዝጊብኝ፣ እማዬ መጣሁ።

ይኸው ነው። ሌላም ስንኝ ነበረው፤ አሁን ማንም አያስታውሰውም። በስምንት ሰዓት ኪነቱ ፈጠን ባለ የሰልፍ ምት አወረደው። መኪናው ላይ የተጫኑት ልጆች ወዲያው ተቀበሉት። በወሩ ጉደርና ጊንጪ ገባ፣ በዓመቱ ሬዲዮ ላይ ወጣ። ልጃገረዶች ገመድ ዘለሉበት፣ ሰካራም ቤቱ ገባበት። ሌታም ቢሆን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎት ነበር። ሬዲዮው ስሙን የጠራ ዕለት ደብሪቱን ከመሬት አንስቶ ጓዳው ውስጥ አሽከርክሯታል።

የደንዲዋ ዘፈን ግን ሌላ ነበረች። ሌታ የተወለደው ደንዲ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው፤ ስለዚያ ውኃ አንድ ዘፈን ይዞ አሥራ አንድ ዓመት ለፋባት። አንድ ቃል ይጨምራል፣ ሁለት ይሰርዛል። ክራሩን አንስቶ ለደብሪቱ ብቻ ይዘፍንላታል፤ እሷም ምስሩን ከመልቀም እጇን ታነሳና ታዳምጠዋለች። ከዚህች የሚበልጥ ዘፈን በዓለም የለም ብላ ነበር የምታምነው። አንድ ጊዜ ደፍሮ አዳራሽ ውስጥ ሊዘፍናት ቢነሳ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከኋላ ወንበር «በሩን! በሩን!» የሚል ጩኸት ተነሳበት። እያፈረ «በሩን» ዘፍኖላቸው ወረደ።

ጤፉ ታጨደ። የሚቀጥለው ዓመት ጤፍም ታጨደ። ልጆቹ አልመጡም። ያኔ ነው በአምቦ ሰፈሮች አንድ ነገር የተጀመረው፤ ልጅ የላኩ እናቶች በራቸውን መቀርቀር ተዉ። ኧረ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ ቢባሉ አልሰማ አሉ። ልጁ አትዝጊ ብሎ ሄዷላ! ከሌታ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ የሚኖሩት ጉዴ ሁለት ጊዜ ተሰረቁ። በዚያ መኪና የሄደው ልጃቸው ጂራ የሌታ ተማሪ ነበር። ሌታ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በየማለዳው ያንን ገርበብ ያለ በር ያያል። አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሶ ቤቱ ገባ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ደብሪቱን በጠዋቱ አረቄ አምጪ አላት። እሷም አመጣችለት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት እሱ ነው።

የኪነቱ ክራር ደርዳሪ ተሬፋ የልብ ጓደኛው ነበር፤ በዚህ ነገር ግን አይስማሙም።

«ሰው የወደደለትን ዘፈን የሚጠላ አንተን አየሁ» ይለዋል። «መጥፎ ዘፈን አገር አያዘፍንም፣ ሌታ።»

«ብርድም አገር ያንቀጠቅጣል። ጥሩ ሆኖ ነው?»

«በገዛ ልጅህ፣ በወለድከው ዘፈን ነው የምትቀናው።»

«ስማ ተሬፋ፤ ሰው የወደደው ዘፈኑን አይደለም፣ መኪናው ላይ የወጣውን ልጁን ነው። እኔ ያን ቀን የማባዣ ሰንጠረዥ ጽፌ ብሰጣቸው እሱኑ ይዘፍኑት ነበር።»

ተሬፋ ክራሩን ይቃኛል። ደብሪቱ ባሏ እውነቱን ነው ትላለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማዕረግ ለቅሶ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ሥራ ነበር የያዙት። ቆባቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ እንደ ወጉ ዝም አሉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገ ሰልስት ላይ ኪነቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይመጣል። አዲሶቹን ምልምሎችም እናመጣለን። በዘፈኑ እንሸኘዋለን።»

«አይሆንም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ደብሪቱ።

በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር አይሆንም የሚባል ቃል አልነበረም።

«ቃል አለብኝ። እሷን አታዘፍኚብኝ ብሎኛል።»

«እህቴ፣ ዘፈኑ እኮ የሕዝብ ነው።»

«ዘፈኑ የሕዝብ ይሁን። ሬሳው የእኔ ነው።»

ጓድ ማዕረግ አዩዋት፣ አዩዋትና «ሐዘን ላይ ስለሆንሽ ነው» ብለው ወጡ። ሹክሹክታው ወዲያው ተነሳ፤ አንዷ ኮራች አለች፣ ሌላዋ ለሬሳ ክብር የምትነፍግ ሚስት ዛሬ አየሁ አለች። ኦቦ ፈይሳ ጠጋ አሏት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ዘንድ የሚወጣው ሰው ያየው ፈረስ ነው። በረት የሸሸገውን ማን ያውቅለታል?»

«የሸሸገው ይበልጣል፣ አባባ።»

«ይበልጥ ይሆናል። ግን ማን ያለቅስበታል?»

ደብሪቱ ነገ ታያላችሁ አለች በሆዷ። ነገ ተሬፋ ሲዘፍናት አገሩ ባሏ ማን እንደነበረ ያውቃል። ይህችን አንዲት ነገር ካደረገችለት ከእንግዲህ ምንም ቢመጣ ግድ አልነበራትም።

በሰልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። ኪነቱ አልመጣም፤ ሊቀመንበሩ ግን በሩ ጋ ቆመዋል። ተሬፋ ክራሩን ሲያወጣ አሮጊቶቹ ለቅሶ ላይ ምን ጉድ ነው ብለው አጉረመረሙ። እሱም አጎንብሶ የደንዲዋን ጀመረ።

ደብሪቱ የሰዉን ፊት ትመለከት ጀመር። አሁን ይነካቸዋል፣ አሁን ያለቅሳሉ እያለች ጠበቀች። አንድ ሰው አሳለው። አንዷ በጆሮ ውኃ ጠየቀች። ስንኙ በስንኝ ላይ ይደራረባል፤ ጭጋጉ፣ ገደሉ፣ የውኃው ጥልቀት፣ እንደገና ጭጋጉ። ኦቦ ፈይሳ፣ ያን ሐይቅ ሲያዩ ያረጁት ሰውዬ፣ ሊገባቸው ግንባራቸውን ቋጥረው ይታገላሉ። ደብሪቱም ይህን ዘፈን ያለ ሌታ ድምፅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። መጥፎ አልነበረም፤ ተለፍቶበታል። ግን ረጅምና የተጨነቀ ዘፈን ነበር። ለመሆኑ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ምኑን ነው የወደድኩት ብላ ብታስብ፣ ትዝ ያላት አንድም ቃል አይደለም። ትዝ ያላት ሌታ ነው፤ ክራሩ ላይ ሲያጎነብስ የሚታየው ማጅራቱ፣ ሲጨርስ እንዴት ነው ብሎ ቀና የሚለው አስተያየቱ። እኔም የወደድኩት ዘፈኑን አልነበረም አለች። ከቀብሩ ይልቅ ያን ጊዜ መሞቱ ገባት።

ተሬፋ ጨረሰ። «እግዜር ይስጥልን» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ለይሉኝታ። ይሄ ይሉኝታ ከስድብ ይብስ ነበር።

ያኔ ጉዴ ገለባው ላይ እየዳሁ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ጉዴ በከተማው ውስጥ የማይደርሱበት ለቅሶ የለም። የጂራ መርዶ አልመጣም። መርዶ ያልመጣላት እናት ድንኳን አትተክልም፣ ጥቁር አትለብስም፣ ደረት አትመታም፤ ልጄ ሞተ ብላ ማሟረት ይሆንባታላ። ስለዚህ የራሳቸውን በሰው ለቅሶ ያለቅሳሉ። ሰውም ያውቃል፤ አውቆ ዝም ይላል።

«ማሎ ደብሪቱ፣ እለምንሻለሁ» አሉ በጆሮዋ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልዝፈናት።»

«ምኗን?»

«የጂራን ዘፈን።»

የሌታን አላሉም።

«ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በእሷ ነው። መኪናው የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ እንኳ ይሰማኝ ነበር፤ ከሁሉም የእሱን እለየው ነበር። ቤቴ ብዘፍናት ሟርት ትሆንብኛለች። እዚህ ግን ለቅሶ ነው። ማን ያውቅብኛል?»

ገብርኤልን ብላ ምላለች። ያ ቢጫ ዓይን ፊቷ ላይ ድቅን አለ። አይሆንም ልትል ነበር፤ ለሊቀመንበሩ ያለችውን ለእኚህ ሴት ማለት ግን አልቻለችም። ሌታ ቢኖር ምን ይል ነበር? አታዘፍኚ ይል ነበር። በዚህ አልተጠራጠረችም። እያወቀች ነው «ይዝፈኗት» ያለቻቸው።

ጉዴ ዘፈኗት። የሰልፉን ምት ትተው ቀስ ብለው፣ እንደ ሙሾ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ። ያው የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈው ቃል ነው፤ አንድ አልተጨመረበትም። አምስት ዓመት ሙሉ የዘፈነው ሕዝብ ግን ዛሬ ገና የሰማው ይመስል ቀጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ተቀበለች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ መርዶ ያልመጣላቸው ሁሉ በየተቀመጡበት ተቀበሉ። ኦቦ ፈይሳ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ጓድ ማዕረግ ወደ ተሬፋ ጎንበስ አሉ። «ይህ ዘፈን እንዲህ አይደለም የሚዘፈነው» አሉ ዝቅ አድርገው።

«እንዲህ ነበር፣ ጓድ» አላቸው ተሬፋ። «ያፈጠንነው እኛ ነን።»

ደብሪቱ ሰምታዋለች። በሌታ ተናደደች፤ ይህን ሳይሰማ፣ የሠራውን ሳያውቅ፣ በአረቄ ተቃጥሎ በመሄዱ አንጀቷ አረረ። ቃሉን ማፍረሷም አሳፈራት። ሁለቱም እኩል ያዟትና እንባዋ አልመጣ አለ። ጉዴ ዘፈኑ መሃል ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ ቆሙ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ዘፈኑን ይዘው ቀጠሉ። ደብሪቱ እግዚአብሔር ያጥናዎት ልትላቸው ነበር፤ ያ ግን መርዶ ነው፣ መርዶ ነጋሪ መሆን አልፈለገችም።

የሐዘን ባለቤት ከምትቀመጥበት ፍራሽ ተነሳች። ጉዴን በብብታቸው ይዛ አነሳችና እቦታዋ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ዝቅ ብላ ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር ገለባው ላይ ተቀመጠች።