ከውስጥ የሚያዝ ክዳን

በችግኝ ጣቢያው «ድፍን» ነበር የሚሏት፤ ምስጢር አይወጣትም ለማለት። ውሃ ጋኑ ጀርባ፣ በተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ላይ አንዲት ሸረሪት እንደምትኖር ግን ለአንድ ሰው ነገረች፤ አብራት ላደገችው ለሥራ ባልደረባዋ፣ ለሳቂታ።

«በሯ ይኸው።»

ሳቂታ ብትፈልግ ብትፈልግ አፈር ብቻ ሆነባት። «የቱ ነው?»

«አፍንጫሽ ሥር ያለው።»

ክዳኑ ከአፈርና ከድር የተሠራ፣ ሳንቲም የሚያክል ነው። ማጠፊያው በላይ በኩል ስለሆነ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል። ባለቤቲቱ መንጋጋዋ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ እሾህ አላት፤ በሱ ትቆፍራለች፣ አፈሩን አድበልብላ ትጥላለች፣ ግድግዳውን በድር ትለስናለች። ስታድግ ጉድጓዷን ታሰፋለች እንጂ ቤት አትቀይርም።

«ብከፍተውስ?»

«አትችዪም። ክዳኑን በጥርሷ ነክሳ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ቸክላ ትይዘዋለች። በሣር ጫፍ ነካ ነካ ካደረግሽው ግን ጉንዳን መስሏት ዘላ ትወጣለች። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ሆዴ ውስጥ ይቀራል። እናቴ ትሙት!» አለች ሳቂታ። እናቷ ከሞተች ቆይቷል፤ ድፍን ራሷ ለቅሶ ተቀምጣላታለች። ያኔ ግን ልብ አላለችውም።

አንድ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ድፍን ቡቃያ ስታጠጣ ከጋኑ ጀርባ ሁካታ ሰማች። ብትሄድ፣ ሳቂታ ሣር ይዛ ተንበርክካለች፤ የጣቢያው ኃላፊ ብርጭቆ ደግኗል። ነካ። ነካ። ክዳኑ ብድግ ሲል ብርጭቆው ዱብ አለ።

«ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?» አሉ እንግዶቹ።

«ማንም። እንዲሁ ሳይ ሳይ ነው...» አለች ሳቂታ። ቀና ስትል ድፍንን አየቻት። ሳቋ ገመድ ላይ እንደተረሳ ልብስ ፊቷ ላይ ቀረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ድፍን ሸረሪቷ ትመለስ ብላ ኃላፊውን ለመነችው።

«ወዴት?» አላት። እውነቱን ነው፤ ጉድጓዱንም ለማሳየት በአካፋ ገምሰው አውጥተውታል። «ብርጭቆው ውስጥ አፈር ሰጥተናት የለ? ትቆፍራ!»

ሸረሪቷ አልቆፈረችም። የፊት እግሮቿን አንስታ ብርጭቆውን ትደባብሳለች።

አመሻሽ ላይ ሳቂታ ድፍን ቤት መጣች። «ድፌ፣ ክፈቺልኝ። አፌ ቀደመኝ እንጂ ስምሽን ልጠራ ነበር እኮ! እኔ እኅትሽ አይደለሁ?»

ድፍን መወርወሪያውን ከውስጥ ይዛ ቆማለች። ውጭው ጭጭ አለ። ሄደች ብላ እጇን ላላ ልታደርግ ስትል፣ በሩ በጥፍር ጫፍ፣ በቀስታ ተነካ።

ነካ። ነካ።

ልክ እንዳስተማረቻት ነው። ድፍን ጥርሷን ነክሳ እግሯን ወለሉ ላይ ቸከለች።