የደምለው ቁጥር

የኔአለም የጽሑፉን መለያ ቁጥር፣ ዲኦአዩን፣ እንደገና አስገባች። ገጹ ያንኑ መለሰ፦ «ይህ ዲኦአይ አልተገኘም።»

አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ አበረ አንገታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሰገግ አደረጉ። ከመርጡለ ማርያም የመጡት የልጃቸውን ጽሑፍ ፍለጋ ነው። መምህር የነበረው ደምለው ሉማሜ አጠገብ በመኪና አደጋ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለሙት ዓመቱ ጽሑፉን ከፎቶው ጎን ሊያኖሩት አስበዋል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ጸሐፊ «የኔአለም በመመረቂያ ጽሑፏ ጠቅሳዋለች» ብላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ላከቻቸው።

«መጣ?»

«ገና ነው፣ አባ።»

«‹ይህን ቁጥር ለተማረ ሰው ይስጡት፣ ጽሑፌን ያመጣልዎታል› ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኙ ስልክ መስሎኝ ደወልኩበት።» ሳቅ አሉ። «ባያነሳልኝ ጊዜ ነው የመጣሁት።»

የኔአለም መሳቅ አቃታት። ደምለው ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ የጻፈውን ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አንብቦላት ነበር። «ላክልኝ» ብትለው «ቁጥሩ ይበቃሻል፤ ድረ ገጹ ቢቀየር እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም» አላት። ከሞተ ወዲህ ስሙን ማየት ፈርታ ከፍታው አታውቅም። መዋደዳቸውን የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ለፋሲካ ነበር። ለቅሶው ላይም ከተማሪዎች ጋር ከኋላ ቆማ ተመለሰች።

የክፍል ጓደኛዋ ማንጠግቦሽ ከጀርባዋ መጥታ ገጹንና ጽሑፉ ወጣበት የተባለውን መጽሔት ስም አየች።

«አንቺ፣ ይሄ መጽሔት እኮ ተዘግቷል! ቁጥሩንም ከነጭራሹ አላስመዘገቡትም። ስንቱን አታለሉ መሰለሽ።»

«ከዋቢ ዝርዝሩ ላውጣው?»

«ማንም ሊያገኘው ካልቻለማ በዝርዝር አይገባም። ‹የግል ውይይት› ብለሽ፣ የነገረሽን ቀን ጠቅሰሽ ነው የምትጽፊው። ያኔ ደግሞ ፈታኞቹ ‹የት ነው ያወራችሁት?› እያሉ ያፋጥጡሻል። ነገ ማስረከቢያ ነው፤ ሰርዢውና ተገላገዪ።»

ቄስ አበረ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ ታዲያ ውሸቱን ነበር?»

«ኧረ አባ!»

«ደስ እንዲለኝ ብሎ ይሆናል። ለአገሩ ሁሉ ‹ልጄ ጽፏል› ብዬ አውርቻለሁ።»

«ጽፏል፣ አባ። አንብቦልኛል።»

«ላንቺ ብቻ?»

«ለእኔ ብቻ።»

አተኩረው አዩዋት። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«እንዲህ ነው ነገሩ» አሉ ቄስ አበረ ቀስ ብለው። «ለእኛ ሳይነግረን...»

«ሊነግርዎት ነበር።»

የኔአለም ፊቷን ጠርጋ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ከዋቢ ዝርዝሩ ላይ ቁጥሩን ከነምንጩ አጠፋችው። ከዚያ ኖራው ለአፈሩ ምን እንዳደረገለት የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ፈልጋ በቅንፍ ጻፈች፦ ደምለው አበረ፣ የግል ውይይት።

«ኋላ ሲጠይቁሽ ምን ልትዪ ነው?» አለች ማንጠግቦሽ።

የኔአለም ሻይ ቤቷ ውስጥ ያነበበላትን ቀን ጨምራ ጻፈችና፣ የልጃቸው ስም እንዲታያቸው ኮምፒውተሩን ወደ ቄስ አበረ አዞረችው።