ብቅ ያለችው ሚስማር

መርከቧ ሞተሯን እስክታስጠግን ሁለት ቀን ትቆማለች ተባለ። ወደ ልጁ የሚጓዘው ሽማግሌ አናጢ የባሕሩን መንገድ ገና አላጋመሰም ነበርና እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። ከተማዪቱ ውብ ነበረች፤ ነጫጭ ቤቶቿ ከገደሉ ላይ ሆነው ባሕሩን ቁልቁል ያያሉ። ሌሎቹ መንገደኞች ፎቶ ሲያነሡ፣ እርሱ እንደ ልማዱ መስኮቶቿን ይመረምር ጀመር።

ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ቆመ። ከማጠፊያው ሚስማሮች የመጨረሻዋ ተመትታ አልገባችም፤ አናቷ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቅ ብሏል። በአራተኛውም ቤት እንዲሁ። በአምስተኛውም።

ስንፍና አልነበረም። አባቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ሙያ ሲያስተምር፣ «ነገ የሚጠግነው ሰው መንቀያ እንዳያጣ፣ አንዷን እስከ አናቷ አትቅበሯት» ይል ነበር። ከዚያ ቤት ልጆች በቀር እንዲህ የሚመታ አናጢ በዕድሜው አልገጠመውም። አባትየው ሞቷል። ታናሽ ወንድሙም ሞቷል፤ ቢያንስ እርሱ በእናቱ ፊት ምሎ እንዲያ ብሎ ነበር። ታናሽየው ባሕር ተሻግሮ ድምፁ በጠፋ በአራተኛው ዓመት፣ እናቲቱ ደጅ ደጁን እያየች እህል አልቀምስ ብትል፣ «ቁርጡን ካወቀች ታርፋለች» ሲል መርዶ ፈጠረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቲቱ አላረፈችም፤ ዓመት ሳይሞላት በኀዘን ሞተች።

ዓሣ የምትሸጥ ሴት ታዘበችው።

«አባባ፣ ቤት ሊገዙ ነው ወይስ መስኮት ሊሰርቁ?»

«ይህን ማን ሠራው፣ ልጄ?»

«ሟቹ ነዋ። ቅጽል ስሙ ነው፣ አይደንግጡ። ወደ አገሩ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ‹ሞተ ተብሎ ተለቅሶልሃል፣ እናትህም በአንተ ኀዘን አለፈች› ብሎ ጎረቤት መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ስምህ ማነው ስንለው፣ ‹ሟቹ በሉኝ› አለን። ቀልድ መስሎን ለመድነው።»

«መቼ ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም። ከእርስዎም ይበረታል። ደረጃውን ሲጨርሱ ሰማያዊው በር ነው።»

ደረጃውን ወጣ። ከሰማያዊው በር ኋላ መዶሻ ይመታል፤ ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። «ይቅር በለኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ ሁለት ቃል። መዶሻው ቆመ።

«ማነው?» አለ ድምፁ። የአባታቸው ድምፅ ነበር፣ በባሕር ጨው የሻከረ።

«መንገደኛ ነኝ።»

«መንገደኛ ይህን ያህል ደጅ አይቆምም። ግባ፤ ክፍት ነው።»

በሩን ሊገፋ መዳፉን ቢያሳርፍ፣ ብቅ ያለችው ሚስማር ከመዳፉ ሥር ሆነች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ደረጃውን አጋምሶ ሲወርድ፣ ከኋላው በሩ ተከፈተ።

«ወንድም ጋሼ?»

አልዞረም።

ሁለቱ ቀን ሲሞላ መርከቧ ተነሣች። ማዕበሉ የመርከብ ክፍሉን በር ያንኳኳው ጀመር፤ ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። ሠራተኛ ጠርቶ በሩን እንዳይነቃነቅ አጥብቆ አስያዘው። በሩ ጸጥ አለ፤ ምቱ ግን አልቆመም።

«ማነው?» አለ በመጨረሻ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የአባቱ ነበር።