ሦስት ውድ እግሮች

ባሌ ትራይፖድ ገዛ። ትራይፖድ ማለት ካሜራ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ነገር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ብቻውን ፎቶ አያነሳም፣ አያትምም፣ ደንበኛ አይጠራም። ቆሞ ይውላል፣ በቃ። ዋጋውን አልናገርም፤ የተናገርኩ ዕለት ጎረቤት ሊያጽናናኝ ይመጣል። ቤታችን ያለው ፍሪጅ በሩ የሚዘጋው በገመድ ታስሮ ነው። በትራይፖዱ ዋጋ በሩ የሚገጥም ፍሪጅ ገዝቼ፣ ውስጡንም ሞልቼ፣ በተረፈው ባሌን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ጭንቅላቱን አስመረምረው ነበር።

የምንተዳደረው በፎቶ ቤት ነው። እሱ ያነሳል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ብጉር አጠፋለሁ፣ ኮሌታ አቀናለሁ፣ አትማለሁ። ከአስር ደንበኛ ዘጠኙ የሚመጣው ለጉርድ ፎቶ ነው። ወንበሩ ግድግዳ አጠገብ ነው፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል፣ ደንበኛው ከካሜራው ሁለት እርምጃ ርቆ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ ፎቶ ሲነሳ ሮጦ ያመለጠ ሰው አልገጠመኝም። አሮጌው ትራይፖዳችን አንድ እግሩ በፕላስተር የተጠቀለለ ቢሆንም ያን ሁሉ ፊት ያለ ቅሬታ ችሎ አስነስቷል።

በሽታው የጀመረው በስልኩ ነው። ማታ ማታ ፂማም ሰዎች ትራይፖድ ተሸክመው ተራራ ሲወጡ፣ ወንዝ መሃል ሲተክሉ፣ ሲንጠላጠሉበት ያያል። ዓይኑ እስኪፈዝ ያያል። «አሁን አንተ ወንዝ ውስጥ ገብተህ ጉርድ ፎቶ ልታነሳ ነው?» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የመጣ ቀን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አስገባው። ትራይፖዱ የራሱ ከረጢት አለው፣ ከረጢቱም የራሱ የዝናብ ልብስ አለው።

«ካርቦን ነው፤ አንሺውማ፣ ምንም አይከብድም!» አለኝ።

«ለዚህ ነው የተወደደው? ስለማይከብድ?»

«ታዲያስ!»

በነጋታው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጣም ስለቀለለ እንዳይነቃነቅ ብሎ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠለበት። ቀላል እንዲሆን ያን ሁሉ ከፈለ፣ ከዚያ አሸዋ ሰብስቦ አከበደው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር፤ የእናቴ ነገር ባይመጣ።

እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፤ ታላቁ አናጢ ነው፣ ታናሹ የጭነት መኪና ሾፌር። እኔ በመሃል ነኝ፣ መሃል መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው መሃል የሆነ ብቻ ነው። አናጢው ለሾፌሩ አዲስ ቤት በር ሠራለት። በሩ አልዘጋ አለ። ሾፌሩም ቤቱን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ፊት «ወንድሜ የሠራልኝ በር ከሌባ አያድንም፣ ሌባውን ግን ያስቀዋል» አለ። በዚያች ቀልድ ዘጠኝ ዓመት ተኳረፉ። አንዱ እናታችንን ቅዳሜ ከጠየቀ ሌላው እሁድ ይመጣል። እናቴ የሁለቱን ድምፅ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰማች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ባለፈው ወር «ከመሞቴ በፊት ሁለቱን ግራና ቀኝ አቁሜ አንድ ፎቶ ልነሳ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሦስት ሳምንት ስልክ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። በመጨረሻ ሁለቱም ለሩብ ሰዓት፣ ለፎቶ ብቻ፣ ለእናታችን ሲሉ ብቻ እሺ አሉ።

እሁድ አመሻሹ ላይ እናቴ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ሳሎን ባለመደገፊያው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አናጢው በግራዋ ቆሞ ጣሪያውን ያያል፣ ሾፌሩ በቀኟ ቆሞ ጫማውን ያያል። እናቴ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ቀና እያለች ታያቸዋለች።

ባሌ ከረጢቱን ከፈተ። እያንዳንዱ እግር አራት ቦታ ይቆለፋል፤ በጠቅላላው አስራ ሁለት መቆለፊያ። አንዱን ይፈታል፣ ይስባል፣ ያጠብቃል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ያደንቀዋል፣ ተመልሶ ሌላውን ይፈታል። የትራይፖዱ አናት ላይ ትንሽ ውሃ ልክ አለ፤ ውስጡ ያለችው አረፋ መሃል ካልገባች ባሌ ካሜራውን አይጭንም። አረፋዋ ደግሞ አልገባም አለች። አንዱን እግር ሲያሳጥር ወደዚያ ትሸሻለች፣ ሌላውን ሲያስረዝም ወደዚህ ትመጣለች። ሩብ ሰዓቱ አለቀ። በውስጤ «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሁለቱ ጥለው ከሄዱ ከትራይፖድህ ጋር ነው የምትኖረው» እላለሁ።

ሾፌሩ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ ተናገረ። «እኔ በዚህ ሰዓት የከባድ መኪና የፊት ጎማ ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ፣ መንገድ ጀምሬያለሁ።»

አናጢው ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ «ውሃ ልኩ ደህና ነው። ጠማማው ወለሉ ነው» አለ።

«ስለ ጠማማ ነገር መቼም እሱን የሚያህል ምስክር የለም» አለ ሾፌሩ።

ጉድ ፈላ! የአናጢው አንገት ደም ስር ተገታተረ። እናቴ የሹራቧን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። እኔ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ፤ ማንም ቢወጣ በላዬ ላይ ተራምዶ ይውጣ ብዬ።

ባሌ በዚህ መሃል ግንባሩን ከአረፋዋ ላይ ሳያነሳ «እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ በኃይል አትተንፍሱ፤ ወለሉ ይነዝራል» አለ። ከልቡ ነው፤ ባሌ በትራይፖድ አይቀልድም።

ሁለቱ ወንድሞቼ ቀና አሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተያዩ። መጀመሪያ የፈነዳው አናጢው ነው፣ ሾፌሩ ተከተለው፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እንታነቅ እንዴ ታዲያ?» አለ ሾፌሩ፣ ለወንድሙ።

«ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ እሱ የሚለው በአፍንጫህ ነው።»

«ባይሆን ነፋስ እንዳይነቀንቀው በሩን እንዝጋለት» አለ ሾፌሩ።

ሳቁ ትንሽ ቀዘቀዘ። አናጢው ጉሮሮውን ጠረገና «ያ በር... አሁንም አይዘጋም?» ብሎ ጠየቀ።

«በጠረጴዛ ነው የምንደግፈው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

«እንጨቱ በደንብ አልደረቀም ነበር» አለ አናጢው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ያኔም አውቀው ነበር።»

ሾፌሩ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ባሌ «ገባች!» ብሎ ጮኸ፤ አረፋዋን ነው። ሁለቱም ዘለሉና ወደየጥጋቸው ተመለሱ፣ ፊታቸውም እንደገና ደረቀ። ያን ጊዜ በአሸዋው ከረጢት የባሌን ጭንቅላት ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ቀኑ መሽቶ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። «ፍላሽ አብራ» አልኩት።

«ይሄ እያለ ፍላሽ?» አለኝ፤ ልብስ አስጣበት ያልኩት ይመስል። «ፍላሽ ትራይፖድ ለሌለው ሰው ነው። የካሜራውን ዓይን አንድ ሰከንድ ሙሉ ከፍቼ ነው የማነሳው፤ የተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል። እማማ፣ አይንቀሳቀሱ።»

አነሳ። «እማማ፣ አይንቀሳቀሱ» አለና ደገመ። «እማማ፣ አይንቀሳቀሱ» አለና ሠለሰ። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን አጉልቶ የመረመረው ምኑን ይመስላችኋል? ከእናቴ ኋላ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ። «ከታች የተጻፈው የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ይነበባል! አንድ በአንድ!» ብሎ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሾፌሩ ጭነት ይጠብቀዋል፤ እናቴን ስሞ ወጣ። አናጢው የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ ልጠጣ ብሎ ጓዳ ቆየና እሱም ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። የአናጢው ሸሚዝ ቁልፍ ይቆጠራል። የሾፌሩ ጫማ ላይ ያለው አቧራ ይታያል። የወንበሩ ጨርቅ ክር በክር ይታያል። የእናቴ ፊት የለም። አንገቷ አለ፣ ሹራቧ አለ፣ ከዚያ በላይ ግን በጣት እንዳሹት የእርሳስ ጽሑፍ የደበዘዘ ነገር ነው። በመጀመሪያው ወደ ግራ ዞራለች፣ በሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ በሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ያገኘቻት አንዲት ፎቶ፣ የሌለችው እሷ ብቻ!

«ካንተ ትራይፖድ ምን ጥቅም አገኘን? የማተሚያ ቤት ስልክ ቁጥር!» አልኩት።

ባሌ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ አየ። «ወለሉ ሳንቃ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው የተቀመጡበት በኩል ነዝሯል ማለት ነው። ይሄ ትራይፖድ ለተራራ ነው የተሠራው። ለእንዲህ ያለ ወለል ከባዱ ሞዴል ነው የሚሆነው።»

«ከባዱ ስንት ነው?»

ነገረኝ። ተነስቼ ወጣሁ፤ ባልነሳ ኖሮ የሚነሳው ኮምፒውተሩ ነበር።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። የእናቴን ፊት ለብቻው አነሳና እዚያ ላይ እገጥመዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ወንድሞቼን ዳግመኛ ማስቸገር አያስፈልግም። ማክሰኞ ትንሿን ካሜራ ይዤ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ታዝናለች ብዬ እጇን ይዤ ነበር የነገርኳት።

«አልነሳም» አለችኝ።

«እማዬ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ፊትሽ ተበላሽቷል እኮ። ትንሽ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ኖሮ...»

«ሦስት ጊዜ 'አይንቀሳቀሱ' ብሎኛል። ጆሮዬ ምን ሆነ?»

አየኋት። እሷ ሹራቧ ላይ የተጣበቀ ክር ትለቅማለች።

«ሰምተሽ ነው እንዴ የተንቀሳቀስሽው?»

«ፎቶው ካማረ ሁለቱ ከዚያ በኋላ መቼ ይመጣሉ? ለቀብሬ?»

አስራ አራት ዓመት የሰው ፊት ሳጠራ ኖሬ የእናቴን ፊት አላወቅሁትም። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፤ ደግሞም ልቤ ተሰበረ፤ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጆቿን በአንድ ክፍል ለማቆም እንዲህ መላ መምታት አለባት ብዬ።

«ያን ዕለት ስንት ደቂቃ ቆሙ?» አለችኝ።

«ሃምሳ።»

«ሃምሳ ደቂቃ! ሰማሽ ሲስቁ? ባልሽ ሌላ ፎቶ አንሺ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ይበትናቸው ነበር። አሁን ደውዪና ተበላሸ በያቸው። ጥፋቱን በእሱ ላይ አላክኪ፣ ልጁ ቻይ ነው።»

እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ደወልኩ። ሾፌሩ «ያ ሁሉ እግር ተዘርግቶ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀና የሚመጣው እሁድ እንደሚመቸው ነገረኝ። አናጢው «ወለሉ ነው ብዬ ነግሬው ነበር። ውሃ ልኬን ይዤ እመጣለሁ» አለ፤ ቀጥሎም «ያ ሾፌር የበሩን ልኬት ጽፎ እንዲያመጣ ንገሪው» ብሎ ዘጋ። ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት፤ ስለ በሩ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ልነሳ ስል የራሴ ብሶት መጣብኝ። «አንቺስ ተሳካልሽ» አልኳት። «እኔ ግን ከባሌ ጋር አንድ ቤት መኖር አለብኝ። ትራይፖዱ አልበቃውም፣ ከዚያ የባሰ ሊገዛ ነው። ዋጋው የዚህ እጥፍ ነው፣ እማዬ! እንደ ብረት የከበደ። አብዷል።»

እናቴ አሰበች። «ለመትከልስ? ከዚህኛው የበለጠ ይቆያል?»

«ይቆያል። ሁለት ሰዓትም አይበቃው።»

«እንግዲያው ይግዛ» አለችኝ።