የሌላ እጅ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ቆልፋ ከባሏ ጋር ሽርሽር ወጣች ቢባል የከተማው ሰው አያምንም። ያን ቀን ግን ወጣች። አናጺው ባሏ "እስቲ እንደ ሰው ወንዝ ዳር ወረድ ብለን እንምጣ" እያለ ስንት ጊዜ ለምኗት ነው።

ከተማዋ እንደሆነች አንድ መንገድ ናት፤ ሰላምታ ካልያዘው ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሳታል። እነሱ ግን ቀስ እያሉ፣ የፎቶ ቤቱን መስኮት እያዩ፣ ያገኙትን ሰላም እያሉ ነው የሄዱት። እሷ ሰው አታይም፣ ልብስ ነው የምታየው። "ያቺ ቀሚስ የኔ ናት። ያ ኮት ደግሞ ትከሻው አሳሬን ያሳየኝ ነው" ትላለች፤ ባሏ ይስቃል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ጃኬቱ ሸሸት ሲል የሱሪው ወገብ ተፈትቶ እንደገና መሰፋቱን አየች። ደቃቅ፣ ልቅም ያለ ስፌት። የእሷ እጅ አይደለም።

የማን እንደሆነ አላጣችውም። እንዲህ አድርጋ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አምና መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የከፈተችው፣ ልብስ ሰፊዋ በሆዷ "ሽቅርቅሯ" የምትላት። ሱሪ ልክ የሚሆነው ተለክቶ ነው፤ ሲለካ ሜትር በወገብ ይዞራል፤ ሜትሩን የሚያዞር እጅ አለ። እሷ ራሷ የስንቱን ወንድ ወገብ ለክታለች፤ ያ ሥራ ነው። የሽቅርቅሯ ግን ሥራ አልመስልሽ አላት።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ባሏ ስለ ወንዙ መሙላት ያወራል፣ እሷ "እህ" ትላለች። ሳቁ ሁሉ የተንኮል መሰላት። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ የእንጨት ብናኝና ሳሙና ብቻ ነው የሸተታት፣ እሱም አላረካትም። ዳቦውን ሳይነካ ወደሷ ገፋላት፤ በንዴት በላችው።

በመጨረሻ አልቻለችም።

"ሱሪህን ማን ሰፋልህ?"

"የመናኸሪያዋ" አለ።

"እኔ ቤትህ ተቀምጬ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሁለት ወር ሙሉ አንቺ ዘንድ ተራ ጠብቋል እኮ። 'ሰርገኞቹን ልሸኝና' አልሽኝ። እነሱ ሊወልዱ ደረሱ፣ ሱሪዬ እዚያው ቀረ፤ አንስቼ ወሰድኩት።"

"እና ሄደህ ቆምክላት? እጇን ወገብህ ላይ አዞረች?"

"ሳትለካ እንዴት ትሰፋለች?"

"ስትለካህ ምን አለችህ? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።"

ባሏ ብርጭቆውን አሽከረከረ። "ሁለት ጣት ሙሉ አጠበበችው። ከዚያ 'ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? ያምዎታል እንዴ?' አለችኝ።"

ልብስ ሰፊዋ፣ ሰውን በዓይኗ ገምታ ልኩን የምትናገር ሴት፣ ቀና ብላ የባሏን ፊት አየችው። ጉንጩ ገብቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። እስካሁን ከቀናችው ሁሉ ይሄኛው ባሰ። ያቺ ሴት የወሰደችባት ይህንን ጥያቄ ነው።

"ምን አልካት?" አለች።

"ለሷ ምን ብዬ ነው የምነግራት?" አለ ባሏ። "አንቺ እስክትጠይቂኝ ነው የጠበቅሁት።"